ጉንጬ ላይ የቀሩት ጉድጓዶች

ፒያሳ የነበረው ፀጉር አስተካካዬ፣ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሱቁን ወደ አራት ኪሎ ከማዛወሩ በፊት፣ ደንበኞቹን የሚያስቀምጥበት ወንበር ከአንድ ትልቅ መስኮት አጠገብ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ከጎን በኩል ፊቴ ላይ ሲያርፍ፣ ቤቴ ባለው መስተዋት ፊት ለፊት ሳየው ብዙም የማይታወቀኝ የብጉር ጠባሳ ሁሉ ጥላ እየጣለ ይወጣል። ጺሜን አሳድጌ የኖርኩት ለማማር ብዬ አልነበረም። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል፣ ከስድስት ዓመት በላይ ደንበኛው ሆኜ አንድም ቀን «ሙልጭ አድርጌ ልላጭልህ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ላለፉት ሦስት ዓመታት በራሴ ፊት ላይ ያየሁትን፣ ከሐኪሞች የሰማሁትንና ኋላም አንብቤ ያረጋገጥኩትን አንድ ላይ ባስቀምጠው ለሌላው ይጠቅማል በሚል ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘቤም ጊዜዬም የባከነው ጥያቄውን ስለሳትኩ እንደሆነ አሁን ይታየኛል፤ በየሄድኩበት «የትኛው ማሽን ይሻላል?» እያልኩ ስጠይቅ፣ ፊቴ ላይ ያለው ጠባሳ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ማንንም አልጠየቅኩም ነበር።

ብጉር የጀመረኝ በአሥራ አምስት ዓመቴ ሲሆን እስከ ሃያ ሦስት ዓመቴ ድረስ አልለቀቀኝም። አክስቴ ሬት እየቆረጠች ትቀባኝ ነበር፤ ሬቱ ባይጠቅመኝም አልጎዳኝም፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ሎሚ ግን ቆዳዬን አቃጥሎ አጥቁሮት እንደነበር አስታውሳለሁ። የጎረቤት ምክር ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ «ስታገባ ይለቅሃል» ይባላል። ብጉሩ ከማግባቴ በፊት ለቀቀኝ፤ ጠባሳው ግን ለሠርጌም ደርሷል፣ ምንም እንኳ ፎቶ አንሺው ማንም ሳይጠይቀው በኮምፒዩተር አጥፍቶት አልበሙ ላይ ባይታይም። በእነዚያ ዓመታት በራሴ ላይ የፈጸምኩት ትልቁ በደል መግል የቋጠረውን ሁሉ በጥፍሬ ማፍረጤ ነው፤ ዛሬ ግራ ጉንጬ ከቀኙ ይልቅ የተጎዳው፣ ሳነብ በግራ እጄ ፊቴን የመደገፍና የመነካካት ልማድ ስለነበረኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብጉር ጠባሳ የሚጥለው ብግነቱ የፀጉሩን ቀዳዳ ግድግዳ አልፎ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ሲዘልቅ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ቃጫ ይበላና፣ ሰውነት ቁስሉን ሲጠግን የጠፋውን ያህል ሳይተካ ሲቀር ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ይተካና ወደ ውጭ ያብጣል። ከብጉር ጠባሳዎች መካከል ከአሥሩ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ የሰረጎዱት ናቸው። ብዙ ሰው ጠባሳ ብሎ የሚጠራው፣ በጣት ሲዳሰስ ግን ከቀሪው ቆዳ ጋር እኩል የሆነው ጥቁር ምልክት ከሁለቱም አይደለም። እሱ ብግነት በነበረበት ቦታ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን በብዛት በመመረቱ የሚመጣ የቀለም ለውጥ ነው፤ ከፀሐይ ከተጠበቀ በወራት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በራሱ ይደበዝዛል፤ አዜላይክ አሲድ ወይም ትሬቲኖይን ያለባቸው ቅባቶች ደግሞ ያፋጥኑታል። ይህን ልዩነት ባለማወቅ በራሱ ጊዜ ለሚለቅ ጥቁረት የሌዘር ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች አውቃለሁ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ሌዘር ነበር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የውበት ማዕከል እንግዳ ተቀባይዋ ፊቴን አየት አድርጋ የአምስት ጊዜ ፓኬጅ እንድገዛ መከረችኝ፤ አስቀድሞ ለከፈለ ቅናሽ ነበረው፤ እኔም ከፈልኩ። ወሩ ጥር ነበር፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ የምትከርርበት። የሚያደነዝዝ ቅባት ተቀባሁ፣ ዓይኔ ተሸፈነ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥም ፊቴ ትኩስ ምጣድ የነካው ያህል ጋለ፤ ስወጣ የተሰጠኝ ምክር «ለሁለት ቀን ፊትህን አትታጠብ» የሚል ብቻ ነበር። ቅርፊቱ ረግፎ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስደርስ፣ በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ሌዘሩ ያረፈባቸውን አራት ማዕዘኖች የመሰለ ጥቁረት ወጣ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ማድያት ነው እንዴ?» የማይለኝ ሰው አልነበረም። ጥቁረቱ እስኪለቅ ስምንት ወር ፈጀ። የቀሩትን አራት ጊዜያት አልሄድኩም፤ ገንዘቡም አልተመለሰም።

መጀመሪያ መሄድ ወደነበረብኝ ወደ ቆዳ ሐኪም የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ዶክተሯ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሴት ናቸው። አዲስ ብጉር አሁንም ይወጣ እንደሆነ፣ ምን ምን ቅባት እንደተጠቀምኩ፣ በቤተሰቤ ውስጥ ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) ያለበት ሰው ይኖር እንደሆነ፣ ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኝ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የመጨረሻው ጥያቄ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ምች ብለን የምንጠራውን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ፣ ቆዳን የሚያቆስል ሕክምና ሲደረግ ሊቀሰቀስና መላ ፊት ላይ ሊዛመት ስለሚችል አስቀድሞ መድኃኒት ይሰጣል። ከዚያ የጣሪያውን መብራት አጥፍተው በእጃቸው የያዙትን ባትሪ ከጎን በኩል አበሩብኝ፤ የፀጉር አስተካካዬ መስኮት ትዝ አለኝ። ቀጥለው ጉንጬን በሁለት ጣት ወጠር አደረጉት። «ሲወጠር የሚጠፋው አንድ ዓይነት ነው፤ ሲወጠርም የማይጠፋው ሌላ ነው» አሉኝ፤ «አንተ ላይ ሁለቱም አሉ፣ ልጄ። ለሁሉም አንድ ነገር የሰጠህ ሰው በእጁ አልዳሰሰህም ማለት ነው።»

እ.ኤ.አ. በ2001 ከታተመ አንድ ጽሑፍ ወዲህ የቆዳ ሐኪሞች የሰረጎዱትን ጠባሳዎች በሦስት ቅርጽ ይከፍሏቸዋል። አንደኛው በወስፌ የተወጋ የሚመስለው ነው፤ አፉ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ወደ ታች እየጠበበ በጣም የሚጠልቅ። ሁለተኛው ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከ1.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ ነው፤ ከአገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 የጠፋው ፈንጣጣ በሽማግሌዎቻችን ፊት ላይ ጥሎት የሄደውን ምልክት ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይለየዋል። ሦስተኛው ጠርዝ የሌለው፣ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ቆዳውን ወጣ ገባ የሚያደርገው ነው። ይህን ለመረዳት የጥጥ ፍራሽን ማሰብ ይበቃል፤ ክሩ የተሰፋበት ቦታ ወደ ውስጥ የሚጎደጉደው ጥጡ ስላነሰ ሳይሆን ክሩ ከሥር ስለሚጎትተው ነው። እዚህም ቆዳውን ከሥሩ ካለው ክፍል ጋር አጣብቆ ወደ ታች የሚጎትት የጠባሳ ክር አለ፤ ላዩን በሌዘር ቢያቃጥሉት ክሩን አይነካውም።

ክሩን የሚነካው ሰብሲዥን የሚባለው ሕክምና ነው፤ በዚህ ስም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ቦታው በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ጫፉ እንደ ትንሽ ምላጭ የሆነ መርፌ፣ ወይም ጫፉ ያልሾለ ካኑላ የተባለ ቀጭን ቱቦ፣ ከቆዳው ሥር ገብቶ ወዲያና ወዲህ በመንቀሳቀስ የሚጎትቱትን ክሮች ይቆርጣል። ሕመም አልነበረውም፤ ድምፁ ግን ነበረው፤ ክሮቹ ሲበጠሱ ክርክርታው በጆሮዬ ይሰማኝ ስለነበር ጥርሴን ነክሼ ነው የቆየሁት። የተቆረጠው ቦታ ውስጥ የሚጠራቀመው ደም በራሱ የሕክምናው አካል ነው፤ ቆዳው ተመልሶ እንዳይጣበቅ ይለያየዋል፣ በዚያም አዲስ ኮላጅን ይፈጠራል። ለአሥር ቀን ያህል ግን ተደባድቦ የመጣ ሰው መስዬ ነበር። መሥሪያ ቤት «ጥርስ አስነቅዬ ነው» አልኩ፤ ሁለቱንም ጉንጭ እንዴት አንድ ጥርስ እንዳሳበጠው የጠየቀኝ ባለመኖሩ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ካደረግኳቸው ሁሉ ይበልጥ በዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጣልኝም ይኸው ነው።

ወስፌ የወጋቸው ለሚመስሉት ጠባብ ጉድጓዶች ግን ሰብሲዥን አይጠቅምም፤ የሚጎትታቸው ክር የለምና። ለእነሱ የተደረገልኝ ክሮስ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የኮሪያ ሐኪሞች አሳትመውታል። ከፍተኛ መጠን ያለው ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ በሾለ እንጨት ጫፍ፣ በስቴኪኒ ማለት ይቻላል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ይነካል። በሰከንዶች ውስጥ ቦታው አመዳይ እንደወረደበት ሣር ይነጣል፣ ከዚያ ትንሽ ቅርፊት ይሆናል፣ በሳምንት ገደማም ይረግፋል፤ ጉድጓዱ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ይመጣል። በየአራትና ስድስት ሳምንቱ የሚደጋገም ሥራ ነው። የአሲዱ መጠን በመጀመሪያው ጽሑፍ 65 እና 100 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ ዶክተሯ ለእኔ በዝቅተኛው ጀምረው የመጀመሪያዋን ጠብታ ከጆሮዬ አጠገብ በአንዲት ጉድጓድ ላይ ብቻ ሞክረው ለስድስት ሳምንት አቆዩኝ። ያኔ ትዕግሥቴን የፈተነኝ ይህ ጥንቃቄ አሁን በጣም የማከብረው ነገር ሆኗል፤ አሲዱ ከጉድጓዱ ጠርዝ አልፎ ቢፈስ ጉድጓዱን ሊያሰፋው ወይም ቀለሙን አጥፍቶ ነጭ ነጥብ ሊተው ይችላል። ይህን አሲድ በኢንተርኔት ገዝተው ቤታቸው የሚሞክሩ ወጣቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት።

በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ባሉት ጊዜያት የተደረገልኝ በተለምዶ ደርማፔን የሚባለው የመርፌ ሕክምና ነው። ጥቃቅን መርፌዎች ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ድረስ ቆዳውን እየወጉ፣ ሰውነት ቁስሉን ለመጠገን አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ይቀሰቅሱታል። ሙቀት ስለሌለው ለጠቆረ ቆዳ ከብዙዎቹ ሌዘሮች ይልቅ የማጥቆር አደጋው አነስተኛ ነው፤ በአንጻሩ አቅሙም የተወሰነ ነው፤ ጥልቀት የሌላቸውን ያሻሽላል፣ የጠለቁትን ብቻውን አይደርስባቸውም። ከዚህ ጋር ከራስ ደም ተለይቶ የሚወጣው ፒአርፒ የተባለው ፈሳሽ እንዲጨመርልኝ በሌላ ቦታ ተጠይቄ ነበር፤ ዶክተሯን ሳማክራቸው «ገንዘብ ከተረፈህ ይጨመር፤ ካልተረፈህ ሳንስክሪን ግዛበት» አሉኝ፤ ሳንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ገዛሁበት። በሱቅ የሚሸጠውን በእጅ የሚንከባለል የመርፌ ሮለር በተመለከተም የሰጡኝ መልስ አጭር ነው፤ መርፌው ሲደጋገም ይዶለዱማል፣ ቆዳን ይቀድዳል፣ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ያመረቅዛል።

ሌዘርን ጨርሶ ማውገዝ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የተስፋፋው ክፍልፋይ ሌዘር ጨረሩን በጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ ስለሚያሳርፈው፣ በነጥቦቹ መካከል ያልተነካው ቆዳ የተጎዳውን ቶሎ ይሸፍነዋል፤ በሠለጠነ እጅ፣ በተለይ ጠርዛቸው ቀጥ ላሉት ጉድጓዶች፣ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ችግሩ የእኛ ቆዳ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ የእኛን ቆዳ ሳያስብ የተስተካከለ ማሽን ነው። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባሉ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ ለመከፋፈል ከጀመሩትና ኋላ ስድስት ደረጃ ከሆነው መለኪያ፣ አብዛኞቻችን ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው እንመደባለን። በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ሙቀትና ቁስል ሜላኒንን በቀላሉ ያስነሳሉ። ስለዚህ ጉልበቱ ዝቅ፣ ነጥቦቹ ተራርቀው፣ ጊዜያቱ በዝተው መሠራት አለበት፤ እኔ ላይ የተደረገው የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነበር። በመርፌው ጫፍ በኩል ሙቀቱን ከቆዳው ሥር ብቻ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ መሣሪያ የላይኛውን ቀለም አብዛኛውን ስለሚያልፈው ለእኛ የተሻለ አማራጭ እንደሆነ ተነግሮኛል፤ እኔ ግን አልሞከርኩትም።

አሁን ስለ ፀሐይ ልናገር፤ ይህ በየትኛውም ክፍል ከጻፍኩት ይበልጥ ለአዲስ አበባ ሰው የሚያስፈልግ ይመስለኛል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሙቀቱ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ አዲስ አበባ ግን ነፋሻ በመሆኗ ታታልላለች። ከለገሃር ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት በእግሬ ስወጣ ብርድ እየተሰማኝ ፊቴ ግን ይቃጠል እንደነበር የገባኝ ጥቁረቱ ከወጣ በኋላ ነው። ክረምትም ቢሆን ደመናው ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ሕክምና ከመጀመሩ ሳምንታት አስቀድሞና ካለቀም በኋላ ለወራት በየቀኑ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሳንስክሪን መቀባት ግድ ነው። ብዙዎቹ ፊታችንን አመድ የነሰነሱበት ያስመስሉታል፤ ቀለም የተጨመረባቸው ግን ይህ ችግር የለባቸውም፤ ቀለሙን የሚሰጣቸው የብረት ኦክሳይድ ደግሞ ጠቆር ያለን ቆዳ የሚያጠቁረውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ባርኔጣ ማድረግም አያሳፍርም፤ እኔ እንዲያውም ለምጄዋለሁ።

ወደ ውጭ ስላበጠው ጠባሳ የማውቀው ጥቂት ነው፣ የለብኝምና። ደረት፣ ትከሻና አገጭ ላይ ለሚወጣው ኬሎይድ የተለመደው ሕክምና በየአራትና ስድስት ሳምንቱ ትራያምሲኖሎን የተባለውን መድኃኒት እጢው ውስጥ በመርፌ መስጠት ነው፤ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ያበጠ ኬሎይድ ይዞ ይመለሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማጅራቱ ላይ የሚወጣበትን እባጭ የብጉር ጠባሳ ነው እያለ ሲቀባባው ከርሞ፣ ሌላ በሽታ መሆኑ የተነገረው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ነው፤ መጀመሪያ የተሰጠው ትዕዛዝም ማጅራቱን በማሽን ተጠግቶ መላጨቱን እንዲያቆም ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን ብጉሩ መቆም አለበት። አዲስ ብጉር እየወጣ ጠባሳ ማከም የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠገን ግድግዳ መቀባት ነው። ለከባድ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ጠባሳ ሳይመጣ የሚያስቀር ኃይለኛ መድኃኒት ሲሆን፣ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም፤ ልታረግዝ የምትችል ሴትም ያለ ሐኪም ጥብቅ ክትትል መውሰድ የለባትም። ይህን መድኃኒት የጨረሰ ሰው ለማንኛውም የጠባሳ ሕክምና ስድስት ወር ይጠብቅ የሚለው የቆየ ምክር እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ባለሙያዎች ተፈትሾ፣ ለቀላል ፒሊንግ (የቆዳን ላይኛ ክፍል በአሲድ ማላጥ) እና ለአንዳንድ ሌዘሮች በቂ ማስረጃ እንደሌለው ተገልጿል፤ ቆዳን በጥልቀት ለሚፍቁት ግን ጥንቃቄው ቀጥሏል። በአንዳንድ የመዋቢያ ሱቆች «ፊት የሚያጠራ» እየተባሉ ያለ ትዕዛዝ የሚሸጡት ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባሉ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ካሉ፣ ለሁለት ሳምንት ፊትን ካሳመሩ በኋላ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ራሳቸውም ብጉር ያወጣሉ። የመድኃኒቱ ስም በማሸጊያው ላይ በትንንሽ ፊደል ስለሚጻፍ፣ ከመግዛት በፊት ማንበብ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ብሎ ዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል አለ፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ይሁን እንጂ ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ትልቅ የቆዳ ሕክምና ማዕከል ነው። እዚያ ሁሉም ማሽን ይገኛል ማለቴ አይደለም፤ ጠባሳው ምን ዓይነት እንደሆነና ብጉሩ መቆሙን የሚነግር ሐኪም ማግኘት ግን ከማሽኑ ይቀድማል።

እስካሁን ሁለት ሰብሲዥን፣ ሦስት ክሮስና አራት ጊዜ ደርማፔን ተደርጎልኛል። ዶክተሯ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ያህል ከተሻሻለ እንደ ጥሩ ውጤት እንድቆጥረው ነግረውኝ ነበር፤ ኮላጅን በዝግታ ስለሚሠራም ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይሞላ እንዳልፈርድ ከልክለውኛል። በየጊዜው በዚያው ክፍል፣ በዚያው የጎን ብርሃን ያነሱኝን ፎቶዎች ባለፈው ወር ጎን ለጎን አሳዩኝ፤ ወጣ ገባ የነበረው አብዛኛው ተስተካክሏል፣ ከጠባቦቹ ጉድጓዶች ጥቂቶቹ ሞልተዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ ጥልቀታቸው ቀንሷል። ከግራ ዓይኔ ጎን ያሉት ሁለቱ ግን አልተነቃነቁም። እነሱን ቆዳውን በክብ መቁረጫ አውጥቶ በመስፋት ማስወገድ ይቻላል፣ በምትኩ ቀጭን የስፌት መስመር ይቀራል። ለአንድ ሳምንት አሰብኩበትና እንዲቀሩ ወሰንኩ፤ ጺሜም እዚያ ድረስ አይደርስም።